ከኤስቪኤን ወደ ጊት መቼ እንሻገር?

የአንባቢያን ጥያቄና የዝግጅት ክፍሉ መልስ

በዚህ ወር ከጎጃም ከተሞች የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፤ ለዓመታት በሰብቨርዥን፣ በተለምዶ ኤስቪኤን በምንለው፣ ሲያዝ የኖረን ኮድ ወደ ጊት ማዛወር። ሁለቱም የአንድን ሶፍትዌር ኮድና የለውጦቹን ታሪክ የሚይዙ ሥርዓቶች ናቸው። የሚመሳሰሉትን አጣምረን፣ የጸሐፊዎቹን ስም ትተን አቅርበናል።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የማዳበሪያ ሥርጭት፣ የእህል ግዥና የሒሳብ ሶፍትዌር የምንሠራ ዘጠኝ ሰዎች ነን። ኮዱ ከ11 ዓመት በላይ በኤስቪኤን የተያዘ ሲሆን የሪቪዥን (የተመዘገበ ለውጥ) ቁጥሩ ከ14,000 አልፏል። በዓመት አራት ሪሊዝ (ለደንበኛ የሚላክ አዲስ እትም) እናወጣለን፤ በመስከረም መጨረሻ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ፣ በመጋቢት አጋማሽና በሰኔ መጀመሪያ። ወደ ጊት ለመዛወር ተስማምተናል፤ ቀኑ ላይ ግን አልተግባባንም። ግማሾቻችን ክረምት ላይ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ይሁን እንላለን፤ ሌሎቻችን ከመጋቢቱ ሪሊዝ በፊት ቶሎ ይለቅልን ባዮች ነን። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱም አይሻሉም። የእናንተ ሳምንት ጥቅምት ውስጥ ነው።

የመጋቢቱን እናስቀድም። የሪሊዝ ብራንች (ለሪሊዙ የሚለይ የኮድ ቅርንጫፍ) ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ ሪሊዙ ደንበኛው ዘንድ ደርሶ እስኪረጋጋ ድረስ ያለው ጊዜ ለእንዲህ ያለ ሥራ ዝግ ነው። በዚያ ጊዜ ኮዱ በሁለት መስመር ይሄዳል፤ ትራንክ (ዋናው የኮድ መስመር) ላይ አዲስ ሥራ፣ ሪሊዝ ብራንቹ ላይ እርማት። እርማቱ ከአንዱ ወደ ሌላው በየቀኑ መርጅ ይደረጋል፣ ማለትም ይዋሃዳል። ኤስቪኤን የትኛው ሪቪዥን መርጅ እንደተደረገ የሚመዘግበው «መርጅ ኢንፎ» በሚባል፣ ፎልደሩ ላይ በሚለጠፍ መረጃ ነው። የማዛወሪያ መሣሪያዎቹ ይህን መዝገብ ወደ ጊት የመርጅ ኮሚት (ኮሚት ማለት አንድ የተመዘገበ ለውጥ ነው) የሚለውጡት በከፊል ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይለውጡትም። ችግሩ የሚታየው ከተዛወራችሁ በኋላ በምታደርጉት የመጀመሪያ መርጅ ነው። ጊት ከሳምንታት በፊት የተዋሃደውን ለውጥ እንዳልተዋሃደ ቆጥሮ እንደገና ያነሣዋል፤ ከዚያ ወዲህ የተነካ መስመር ሁሉ ኮንፍሊክት (በእጅ የሚፈታ ግጭት) ሆኖ ይመጣል። ሪሊዙ አምስት ቀን ሲቀረው ይህን መፍታት የሚፈልግ የለም። ስለዚህ በመዛወሪያው ቀን በሕይወት ያሉ ብራንቾች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ፣ ያልተጠናቀቀ መርጅም ዜሮ መሆን አለበት።

ክረምቱ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ይመስላል እንጂ አይደለም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ማኅበራቱ ሒሳብ ሲዘጉ የሚያገኙት ስሕተት ሐምሌን ሙሉ ወደ እናንተ ይጎርፋል። የማዳበሪያ ሥርጭቱም ለጤፍ እስከ ሐምሌ ይዘልቃል። በዚያ ላይ ግማሹ ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ነው፤ ዝናቡ መብራቱንና ኔትወርኩን ያንገላታል። አንድ ነገር ቢበላሽ የሚያውቀው ሰው ገጠር ወርዶ ስልኩ የማይሠራበት ወቅት ነው።

አሁን ወደ ጥቅምት። የመስከረሙ ሪሊዝ መስከረም 25 ገደማ ወጣ እንበል። ተከታዮቹ ሁለት ሳምንታት ደንበኞች አዲሱን ጭነው የሚጮሁባቸው ናቸው፤ የእርማት ሪሊዝ የምታወጡትም ያኔ ነው። ያ ጋብ ሲል፣ በጥቅምት ሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ትዛወራላችሁ። የታኅሣሡ ብራንች የሚቆረጠው ኅዳር መጨረሻ ላይ ከሆነ ከአምስት ሳምንት በላይ በጊት ላይ ተራ ሥራ ትሠራላችሁ ማለት ነው። ሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሳሳታል፤ ያልተሟላ ፑሽ ያደርጋል (ያልጨረሰውን ወደ ሰርቨሩ ይልካል)፣ የሌላውን ሥራ ይረግጣል። ይሳሳት፤ ሪሊዝ ቅርብ ስላልሆነ ዋጋው ትንሽ ነው።

ልምምዱ ግን ከዚያ ቀድሞ ይጀመራል። የመጀመሪያውን ሙሉ ልምምድ ነሐሴ ላይ አድርጉት፤ በቅጂ ላይ ስለሆነ ማንንም አያቋርጥም። ፈቃድ ያልወጣ አንድ ሰው ይበቃዋል። የመጀመሪያው ልምምድ ሁልጊዜ ይከሽፋል፤ ያልታወቀ የኮሚት ባለቤት ስም፣ መንገዱን የለወጠ ፎልደር፣ አንድ ሰው ከስድስት ዓመት በፊት ያስገባው የዳታቤዝ ባካፕ ያደናቅፈዋል። ሁለተኛውን ከመስከረሙ ሪሊዝ በኋላ ባለው ሳምንት አድርጉና እያንዳንዱን እርምጃ በሰዓት መዝግቡ። ሁለተኛው ልምምድ ያለ አዲስ እንቅፋት ካላለቀ ጥቅምትን ሰርዙት። ይህን ውሳኔ ዛሬ በጽሑፍ አስቀምጡት፤ ያኔ ስትደርሱ «እስካሁን ከደከምን» የሚል ክርክር እንዳይነሣ። መለዋወጫው ቀን ከታኅሣሡ ሪሊዝ በኋላ፣ ገናና ጥምቀት አልፈው፣ የጥር የመጨረሻው ሳምንት ነው። እሱም ካመለጠ የካቲትን አትሞክሩ፤ የመጋቢቱ ሪሊዝ ማዳበሪያውን የሚሸከመው ስለሆነ የዓመቱ ከባዱ ነው። ለቀጣዩ ጥቅምት ይቆይ።

አንድ ነገር ብዙ ቡድን ይዘለዋል። ከተዛወራችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለማንም የማይላክ የሙከራ ሪሊዝ ከጊት ላይ አውጡ፤ ብራንች ቁረጡ፣ ታግ (የሪሊዙን ስም የሚይዝ ምልክት) ለጥፉ፣ ኢንስታለሩን ሥሩ፣ ባዶ ኮምፒውተር ላይ ጫኑት። ኮዱን ወደሚጫን ፕሮግራም የሚለውጠው የቢልድ ስክሪፕት የሆነ ጥግ ላይ የኤስቪኤን ትእዛዝ እንደሚጠራ የምታውቁት ያኔ ነው፤ አለዚያ የምታውቁት ታኅሣሥ ላይ ነው።

ትልልቆቹ ፕሮጀክቶችም ያደረጉት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዳታቤዙ ፖስትግሬስኪውኤል ከሲቪኤስ (ከኤስቪኤን በፊት ከነበረው ተመሳሳይ ሥርዓት) ወደ ጊት የተሻገረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2010፣ ቁጥር 9.0 በወጣበት ወር ነው። የኮምፓይለር ፕሮጀክቱ ኤልኤልቪኤም 9.0ን በሴፕቴምበር 2019 አውጥቶ በኦክቶበር ተሻገረ። ፓይተን 3.6 በዲሴምበር 2016 ከወጣ በኋላ ወደ ጊትሃብ (የጊት ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) የገባው በፌብሩዋሪ 2017 ነው። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ለየት ይላል፤ በጃንዋሪ 2020 በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሲሻገር ቁጥር 10 ሊወጣ አራት ወር ገደማ ቀርቶት ነበር። ግን አዲስ ነገር የሚገባበት ምዕራፍ ከወራት በፊት ተዘግቶ እርማት ላይ ብቻ ነበሩ። አራት ወርም ረጅም ጊዜ ነው። እናንተ በሦስት ወር ዑደት ውስጥ እነሱን እንምሰል ብትሉ አያዋጣም።

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ኮሚት ማድረግ የሚከለከልበት ጊዜ ስንት ሰዓት ይበቃል? አለቃችን ከአንድ የሥራ ቀን በላይ አይፈቅዱም። የእኛ ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) 9,000 ሪቪዥን አለው።

መልስ፦ በትክክል ካዘጋጃችሁት አንድም የሥራ ቀን አይባክንም። ጊዜ የሚበላው ታሪኩን ሪቪዥን በሪቪዥን መለወጡ ነው፤ ያንን ደግሞ ከእገዳው በፊት መጨረስ ይቻላል።

ጊት ኤስቪኤን የሚባለውን ከጊት ጋር የሚመጣ መሣሪያ ኔትወርክ ላይ ባለው ሰርቨር ላይ በቀጥታ አታስጀምሩት፤ ለእያንዳንዱ ሪቪዥን እየተመላለሰ ቀናት ሊወስድባችሁ ይችላል። ሪፖውን በ«ኤስቪኤን አድሚን ሆትኮፒ» ወደ አንድ ኤስኤስዲ ዲስክ ያለው ኮምፒውተር ቅዱና ከዚያው ዲስክ ላይ ለውጡት። ከኤስቪኤን 1.8 ወዲህ ሆትኮፒ የጨመረውን ብቻ መቅዳት ስለሚችል በእገዳው ዕለት ቅጂውን በደቂቃዎች ታድሱትና ጊት ኤስቪኤን የመጨረሻዎቹን ሪቪዥኖች ብቻ ፌች ያደርጋል (ያመጣል)። ለዚህ ግን የቅጂው ፎልደር ቦታ መለወጥ የለበትም፤ «ሜታዳታ አትጻፍ» የሚለውን አማራጭም አትጠቀሙ። ብዙ መመሪያ የኮሚት መልእክቱ ንጹሕ እንዲሆን ይህን አማራጭ ይመክራል። እኛ አንመክርም። ከያንዳንዱ ኮሚት ግርጌ የሚቀረው የድሮ ሪቪዥን ቁጥር ያስቀይማል እንጂ አይጎዳም፤ የስሕተት መዝገባችሁ ውስጥ «በሪቪዥን 7312 ተስተካክሏል» የሚል ጽሑፍ ስታገኙ ኮሚቱን የምትፈልጉት በእሱ ነው።

የእገዳው መርሐ ግብር ይህን ሊመስል ይችላል። ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት የኤስቪኤኑን ፕሪ ኮሚት ሁክ (ከእያንዳንዱ ኮሚት በፊት የሚሮጥ ስክሪፕት) ሁሉንም እንዲከለክል አድርጉት፤ ከዜሮ የተለየ ቁጥር የሚመልስ ሁለት መስመር ስክሪፕት ይበቃል። መልእክት ጻፉበት፤ ግን በላቲን ፊደል ይሁን። ሁኩ የሚነሣው ባዶ የሲስተም ቅንብር ይዞ ስለሆነ በአማርኛ የጻፋችሁት በጥያቄ ምልክትና በቁጥር ተተክቶ ሊታይ ይችላል። ከዚያ ቅጂውን ማደስ፣ ፌች ማድረግ፣ ታጎቹን ማስተካከል። ጊት ኤስቪኤን የኤስቪኤን ታጎችን የሚያመጣቸው እንደ ብራንች ነው፤ እያንዳንዱን ወደ እውነተኛ ታግ ካልለወጣችሁ ሰኞ ጠዋት ሰማንያ «ብራንች» ይታያችኋል።

ቅዳሜ ጠዋት ምርመራ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አፍሱት። የትራንክን ጫፍና የመጨረሻዎቹን ሦስት ሪሊዞች ከኤስቪኤን ኤክስፖርት፣ ከጊት ቼክአውት አድርጋችሁ (ፋይሎቹን አውጥታችሁ) ፎልደር ከፎልደር በዲፍ፣ ልዩነትን በሚያሳየው ትእዛዝ፣ አስተያዩ። ልዩነት የሚፈቀደው በሦስት ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ኤስቪኤን ፋይል ውስጥ በራሱ የሚሞላቸው የቀንና የሪቪዥን ምልክቶች ናቸው። ሁለተኛው ባዶ ፎልደር ነው። ጊት ባዶ ፎልደር አይዝም፤ ፕሮግራማችሁ ሲነሣ «ሎግ» የሚባል ፎልደር የሚጠብቅ ከሆነ አዲስ በተጫነበት ማሽን ላይ ወዲያው ይወድቃል፣ ስለዚህ ፎልደሩ ውስጥ አንድ ባዶ ፋይል አስቀምጡ። ሦስተኛው የመስመር መጨረሻ ነው፤ ዊንዶውስና ሊኑክስ መስመር የሚዘጉት በተለያየ ምልክት ነው። ኤስቪኤን ላይ በፋይል የተለጠፈውን ይህን ቅንብር ወደ ጊት አትሪቢዩትስ ፋይል ካላዛወራችሁት፣ አንድ የዊንዶውስ ተጠቃሚ አንድ መስመር ነክቶ ፋይሉ በሙሉ እንደተለወጠ ሆኖ ይታያል፤ ማን ምን ጻፈ የሚለውም ይጠፋል። ከነዚህ ውጪ አንድ ባይት ቢለያይ ምክንያቱን ሳታውቁ አትለፉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ፑሽና የቢልድ ሰርቨሩን ማዞር። እሑድ ለጸሎትም ለመጠባበቂያም ባዶ ይቆይ። የመጨረሻው ውሳኔ እሑድ ማታ ይሰጥ፤ እስከዚያ ወደ ኋላ መመለስ ማለት ሁኩን ማንሣት ብቻ ነው። ሰኞ የመጀመሪያው እውነተኛ ኮሚት ጊት ላይ ካረፈ በኋላ ግን መመለስ እያንዳንዱን ለውጥ በእጅ ማሸጋገር ይሆናል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት በሩን የሚከፍተው ሰው አንድ፣ ስሙም የታወቀ ይሁን።

በየሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ኮሚት ያልተደረገ ሥራ ዓርብ መኖሩ አይቀርም። በኤስቪኤን ዲፍ ፓች ፋይል (ለውጡን ብቻ የያዘ ፋይል) አድርገው ያስቀምጡት፤ ሰኞ በጊት አፕላይ ይጭኑታል። የኤስቪኤን ፓች የፋይል ስም የሚጀምረው ጊት ከሚያስቀድመው የ«ኤ» እና የ«ቢ» ፎልደር ውጪ ስለሆነ የመንገድ ማሳጠሪያ አማራጩን (ፒ) ዜሮ አድርጉት፤ አለዚያ «ፋይሉ የለም» ይላል። ሥዕልና መሰል ባይነሪ ፋይል በዚህ ፓች ውስጥ አይገባም፤ ለብቻ ይቀዳ።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ የእኛ መሥሪያ ቤት ኃላፊ በጀቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ማዛወሩ ሰኔ ውስጥ እንዲያልቅ አዘዋል። ምን ብለን እናስረዳ?

መልስ፦ ገንዘቡንና ቀኑን ለዩላቸው። በጀት የሚጠይቀው ሰርቨር፣ ዩፒኤስና ሥልጠና ነው፤ ሦስቱንም ሰኔ ላይ መግዛትና መስጠት ይቻላል፣ ልምምዱንም ሠርቶ ሪፖርት ማቅረብ ይቻላል። ኮዱን የማሻገሩ ዕለት ግን ከወጪ ጋር አይገናኝም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ቢሏቸው ይገባቸው ይሆናል፤ ካልገባቸው ግን የሒሳብ መዝጊያ ሪፖርት ሰኔ 29 ላይ ቢልድ አልሆን ቢል ማን ፊርማ እንደሚያኖር በትሕትና ይጠይቁ።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦ ደንበኞቻችን ግማሾቹ አሁንም የሶፍትዌራችንን የድሮ እትም 3.4 ነው የሚጠቀሙት። የምንሻገረው በ3.6 ላይ ነው። ለ3.4 አስቸኳይ እርማት ሲያስፈልግ በየት እንሥራው? ደግሞ የሪሊዝ ቁጥራችን መጨረሻ ላይ የኤስቪኤን ሪቪዥን አለበት፤ 3.4.14210 ዓይነት። ጊት ቁጥር የለውም ሲባል ሰምተናል።

መልስ፦ ለመጀመሪያው ሁለት መንገድ አለ። 3.4 ከሦስት ወር ያነሰ ዕድሜ ከቀረው እዚያው ኤስቪኤን ላይ ይሙት፤ ለዚያ ብራንች ብቻ ሁኩን ክፍት ተዉትና እርማቱን ወደ ጊት በእጅ አምጡ። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ እርማቱ ሁሉ ጊት ላይ ይሠራ። ፍሪቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዲሴምበር 2020 ላይ ዋናውን ኮድ ወደ ጊት ሲያሻግር ሥራው ሁሉ ጊት ላይ ሆኖ የድሮዎቹን የ11 እና የ12 ብራንቾች ግን መልሶ ወደ ኤስቪኤን ያንጸባርቅ ነበር፤ ከዚያ የሚወስዱ ተጠቃሚዎች እንዳይቋረጡ። ደንበኛ ከኤስቪኤናችሁ በቀጥታ ካልወሰደ ይህን ልፋት አትግቡበት። በሁለቱም ቦታ መጻፍ የሚፈቀድበት ድርድር ግን አይሞከር፤ በሁለተኛው ሳምንት የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከምታስቡት ይከብዳል። ጊት ኮሚትን የሚጠራው በረጅም ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ የፊደልና የቁጥር መለያ) ነው፤ የኮሚቶችን ብዛት ቆጥሮ ቁጥር ማውጣት ግን ይቻላል፣ ብዙዎችም ያን ያደርጋሉ። ወጥመዱ እዚህ ነው። የኤስቪኤን ቁጥር ብራንቹን፣ ታጉን፣ ሌላውን ፕሮጀክት ሁሉ ደምሮ የሚቆጥር ስለሆነ 14,210 ላይ ቢደርስም ከትራንክ ጫፍ ወደ ኋላ የሚቆጠረው የጊት ኮሚት ምናልባት 8,000 ነው። ያው 3.4 እርማት ወጥቶ ቁጥሩ 3.4.8050 ቢሆን፣ ቁጥር አስተያይቶ የሚያዘምነው ፕሮግራማችሁ አዲሱን «የድሮ ነው» ብሎ ይተወዋል። ደንበኛውም እርማቱ የደረሰው እየመሰለው በአሮጌው ይሠራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የቢልድ ሰርቨሩ የራሱ ቆጣሪ ይኑረው፣ መነሻውም ከመጨረሻው የኤስቪኤን ቁጥር በላይ ያለ ክብ ቁጥር፣ ለምሳሌ 20,000 ይሁን። የዊንዶውስ ፋይል ቁጥር እያንዳንዱ ክፍል ከ65,535 ማለፍ ስለማይችል 100,000 ብላችሁ አትጀምሩ። ሃሹን ደግሞ «ስለ ፕሮግራሙ» በሚለው መስኮት ላይ አሳዩት፤ ደንበኛ ሲደውል የምትጠይቁት እሱን ነው።

ጥያቄ፣ ከዳንግላ፦ ሞክሬው ሌሊት ላይ «ባለቤቱ በፋይሉ ውስጥ አልተገለጸም» ብሎ ቆመ። ጠዋት ስነቃ ከ6,000ው ሪቪዥን 412 ላይ ነው ያገኘሁት።

መልስ፦ ኤስቪኤን ኮሚት ያደረገውን ሰው የሚያውቀው በመግቢያ ስሙ ብቻ ነው፤ ጊት ሙሉ ስምና ኢሜይል ይፈልጋል። የሁለቱን ማዛመጃ ፋይል ሰጥተውት አንድ ስም ቢጎድል እዚያው ይቆማል። ከመጀመርዎ በፊት የሎጉን አጭር ዝርዝር አውጥተው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቋሚ መስመር መካከል ያለውን ስም ብቻ ለይተው ድግግሞሹን ያስወግዱ፤ የወጣው ሁሉ በማዛመጃው ውስጥ መኖር አለበት። የእኛ ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ እንደ ጸሐፊው ስለሚለያዩ «ፀሐይ» የምትባል አንዲት ሠራተኛ በሦስት አጻጻፍ ሦስት ሰው ሆና ትገኛለች፤ ሦስቱንም ወደ አንድ ስም ይምሯቸው። «አድሚን» እና «ሩት» በሚል የገቡትን ማን እንደሆኑ የሚያስታውስ ካለ ይጠይቁ፤ ከሌለ እንደዚያው ይተዉት እንጂ ለአንድ ሰው አይለጥፉበት። የቆመውን ከ412 ለመቀጠል ስሙን ጨምረው ፌች ማለት ይበቃል።

እግረ መንገድዎን ሁለት ነገር ያጽዱ። ጊት ታሪኩን ሁሉ ለእያንዳንዱ ሰው ስለሚያወርድ ከዓመታት በፊት ገብቶ የተሰረዘ የ300 ሜጋባይት ባካፕ በእያንዳንዱ ክሎን (ሙሉ የሪፖ ቅጂ) ይመጣል፤ ጊትሃብ ደግሞ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነን ፋይል አይቀበልም። እንዲህ ያለውን በሚለውጡበት ጊዜ ያስወጡት፤ ቡድኑ ሥራ ከጀመረ በኋላ ቢያስወጡት ሃሹ ሁሉ ይቀየርና ሁሉም እንደ አዲስ ክሎን ማድረግ ይኖርበታል። ሁለተኛው በኮንፊግ ፋይል ውስጥ የተቀመጠ የዳታቤዝ ፓስዎርድ ነው። ከታሪክ መፋቁ አይበቃም፤ ፓስዎርዱ ራሱ ይቀየር።

ጥያቄ፣ ከሞጣ፦ እዚህ መብራትም ኔትወርክም ይቆራረጣል። ዋናው ቢሮ ባሕር ዳር ሆኖ እኛ አራት ሰዎች ቅርንጫፍ ላይ ነን። ሪፖው ወደ 2 ጊጋባይት ነው። ሰኞ ጠዋት ክሎን ማድረግ የምንችል አይመስለንም።

መልስ፦ አታድርጉት። ባሕር ዳር ያለው ሰው ቅዳሜ ማታ «ጊት ባንድል» በሚባለው ትእዛዝ ሪፖውን በሙሉ አንድ ፋይል ያድርገው፤ በፍላሽ ወደ ሞጣ በሚመጣ ሰው ይላክ። ከዚያ ፋይል ላይ ክሎን አድርጋችሁ የሪሞቱን አድራሻ ወደ እውነተኛው ሰርቨር ቀይሩ። ከዚያ በኋላ በኔትወርክ የሚመጣው የተጨመረው ብቻ ነው። ፍላሹ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይዝም፤ ሪፖው ሲያድግ ይህን አስታውሱ።

ስለ መብራቱ፣ ልወጣውን ባትሪው ደኅና በሆነ ላፕቶፕ ላይ ማድረግ ከዴስክቶፕና ከትንሽ ዩፒኤስ ይሻላል። ጊት ኤስቪኤን ከቆመበት መቀጠል ይችላል፤ ግን መብራት የሄደው የራሱን የሪቪዥን መዝገብ በሚጽፍበት ቅጽበት ከሆነ መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል። በየ2,000 ሪቪዥኑ አቁማችሁ ፎልደሩን ቅዱት፤ ቢበላሽ ከቅጂው ትቀጥላላችሁ።

የእናንተን ዓይነት ቅርንጫፍ ጊት ይጠቅመዋል፤ ኔትወርክ በሌለበት ቀን ኮሚት ማድረግ ይቻላልና። ግን አደጋም አለው፤ ሦስት ቀን ፑሽ ሳያደርግ የቆየ ሥራ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ያለ ሥራ ነው። የሪሊዝ ብራንች ከመቆረጡ አንድ ቀን በፊት ሁሉም ፑሽ ማድረጉን ስልክ ደውሎ የሚያረጋግጥ ሰው ይመደብ።

ጥያቄ፣ ከደጀን፦ ሁለት ሰዎች ነን፤ 600 ሪቪዥን ነው ያለን። ይህ ሁሉ ያስፈልገናል?

መልስ፦ የለም። ሪሊዝ ካወጣችሁ በኋላ ባለው ቅዳሜ አድርጉት። የባለቤት ማዛመጃውንና የዲፍ ምርመራውን ብቻ አትዝለሉ።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ ከተሻገርን በኋላ የድሮውን የኤስቪኤን ሰርቨር መቼ እናጥፋው?

መልስ፦ ከጊት ላይ ሁለት እውነተኛ ሪሊዞች እስኪወጡ ለማንበብ ብቻ ክፍት ይሁን። የመጀመሪያው ሪሊዝ ያልሸፈነው ነገር በሁለተኛው ይወጣል፤ በተለይ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሮጡ እንደ ሒሳብ መዝጊያ ያሉ ስክሪፕቶች የት እንደተቀመጡ የሚታወቀው ሲፈለጉ ነው። በጥቅምት ከተሻገራችሁና ሰኔ ላይ ሒሳብ የምትዘጉ ከሆነ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ብትታገሡ ጥሩ ነው። ከዚያ በ«ኤስቪኤን አድሚን ደምፕ» ሙሉ ደምፕ (ታሪኩን ሁሉ የያዘ ፋይል) አውጡ፤ ሌላ ማሽን ላይ ሎድ አድርጋችሁ የመጨረሻው ሪቪዥን ቁጥር እኩል መሆኑን አረጋግጡ፤ ደምፑን በሁለት የተለያዩ ዲስኮች፣ በሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች አስቀምጡ። ሁኮቹና የፈቃድ ፋይሎቹ በደምፑ ውስጥ ስለማይገቡ ለብቻቸው ይቀዱ። ሰርቨሩ ሲጠፋ የቢልድ ሰርቨሩን፣ የስሕተት መዝገቡንና የእያንዳንዱን ሠራተኛ ስክሪፕት በኤስቪኤኑ አድራሻ ፈልጉ፤ ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ ሳይነሣ የቀረ ታገኛላችሁ።